ባለሜዳ ተብለን በሰው ሜዳ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከኡራኤል

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር

ኅዳር 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ፣ ኡራኤል

ጉዳዩ፦ ዋናው ብሔራዊ ቡድን በአገሩ እንዲጫወት ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ኅዳር 10 ቀን ኪንሻሳ ላይ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ዋልያዎቹ ዲሞክራቲክ ኮንጎን በገዛ ሜዳዋ 2 ለ 1 ረትተው ነበር። ደስ ብሎናል። ግን ኮንጎ ወደ ሞሮኮው የአፍሪካ ዋንጫ ማለፏን ከጨረሰች ሰንብታ ነበር፣ እኛም ከሦስት ቀን በፊት በታንዛኒያ ተሸንፈን ከውድድሩ ወጥተን ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል የልጆቹ ላብ ይከለክለኛል። ላቡ ለምን እስከዚያ ቀን ፍሬ እንዳጣ ግን እናንተን መጠየቅ ይገባኛል።

ሰንጠረዡን ታውቁታላችሁ፤ ለአንባቢ ስል ልድገመው። ስድስት ጨዋታ፣ አንድ ድል፣ አንድ አቻ፣ አራት ሽንፈት። 3 ግብ አግብተን 12 ገብቶብን፣ በ4 ነጥብ ከምድቡ ግርጌ። ይህን ያየ ሰው የቀደመውን ማጣሪያ ማስታወሱ አይቀርም። ያኔም ከግብጽ፣ ከጊኒና ከማላዊ ጋር ተመድበን አንድ አሸንፈን፣ አንድ አቻ ወጥተን፣ አራት ተሸንፈን፣ በ4 ነጥብ መጨረሻ ነበርን። ቁጥሩ እንኳን አልተለወጠም። በሁለቱም ዙር ያሸነፍነው ደግሞ ተራ ቡድን አይደለም። በመጀመሪያው ሰባት ጊዜ ዋንጫ ያነሳችውን ግብጽን፣ በሁለተኛው ኮንጎን አሸንፈናል። ኮንጎ የመጀመሪያ ዋንጫዋን በ1960 ያነሳችው የት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም ነው።

ስለዚህ «ልጆቹ አይችሉም» የሚለውን ወሬ ወደ ጎን እንተወው። ግብጽን 2 ለ 0፣ ኮንጎን በሜዳዋ 2 ለ 1 የሚያሸንፍ ቡድን ኳስ አያውቅም አይባልም።

የዘንድሮውን ውጤት ለሁለት ብትከፍሉት ግን የሚገርም ነገር ይወጣል። በተጋጣሚዎቻችን ተራ የተደረጉት ሦስት ጨዋታዎች እነዚህ ናቸው፦ ዳሬሰላም ላይ ከታንዛኒያ 0 ለ 0፣ አቢጃን ላይ በጊኒ 4 ለ 1 መሸነፍ፣ ኪንሻሳ ላይ ኮንጎን 2 ለ 1 ማሸነፍ። አራቱም ነጥብ፣ ሦስቱም ግብ የተገኙት እዚህ ነው። እኛ «ባለሜዳ» የተባልንባቸው ሦስቱ ደግሞ፦ ኮንጎን ዳሬሰላም ላይ «አስተናግደን» 0 ለ 2፣ ጊኒን አቢጃን ላይ 0 ለ 3፣ ታንዛኒያን ኪንሻሳ ላይ 0 ለ 2። ነጥብ ዜሮ፣ ግብ ዜሮ፣ የገባብን ሰባት። ከአንድ ዓመት በፊት በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቡርኪና ፋሶን ሞሮኮ ላይ «ባለሜዳ» ሆነን የገጠምንበትን 0 ለ 3 ጨምሩበት። በአንድ ዓመት ውስጥ በራሳችን ስም በተመዘገቡ አራት ጨዋታዎች አንድም ግብ አላገባንም፤ አስር ገብቶብናል።

ጊኒን ያስተናገድንበትን አቢጃንን ልብ በሉ። ጊኒም ራሷ ሜዳ አጥታ እዚያው ትጫወት ነበር፤ በሦስት ቀን ልዩነት በአንድ ከተማ መጀመሪያ እንግዳ ሆንን፣ ቀጥለን አስተናጋጅ። ከመጀመሪያው ጨዋታ ወደ ሁለተኛው ያለው ልዩነት የቡድኖቹ ስም አጻጻፍ ቅደም ተከተል ብቻ ነበር። ሁለት ቤት አልባዎች ተገናኝተው አንዱ ሌላውን «እንኳን ደህና መጣህ» ሲለው እንደማየት ነው። አገራችን አቢጃን ሆና ታውቃለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢኖር ምን ትሉታላችሁ?

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሞቻችን መስፈርቱን አያሟሉም ብሎ በሩን ከመዝጋቱ በፊት የነበረውን ማጣሪያ እንየው። ወደ ካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ያለፍነው በ9 ነጥብ ነው። ዘጠኙም የተገኙት በአገራችን ነው። ኅዳር 2012 ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ ኅዳር 2013 አዲስ አበባ ላይ ኒጀርን 3 ለ 0፣ መጋቢት 2013 እንደገና ባሕር ዳር ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0። ከአገር ስንወጣ ሦስቱንም ተሸንፈናል። ደካማ የነበረው የውጭ ጉዟችን በቤታችን ጥንካሬ ተሸፍኖ ወደ ካሜሩን አደረሰን። አሁን ቤት የለም፤ የሚሸፍነንም የለም።

መከራከሪያዬን የሚያዳክም አንድ ነገር አለ፤ ከእናንተ ቀድሜ ላንሳው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብጽን ያሸነፍነው ሊሎንግዌ፣ በማላዊ ሜዳ ነው፤ ያም «የሜዳችን» ጨዋታ ተብሎ የተመዘገበ ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ባስቆጠሩት ግብ ያ ቀን በስደት ሜዳም ማሸነፍ እንደሚቻል አሳይቷል። የዚያ ማጣሪያ ሌላዋ ነጥብም የመጣችው ማፑቶ ላይ ከማላዊ ጋር 0 ለ 0 በተለያየንበት የ«ሜዳችን» ጨዋታ ነው። ልክ ነው። ያ ቡድን ግን በካሜሩኑ ዋንጫ ተፈትኖ፣ ረጅም ጊዜ አብሮ ከርሞ የመጣ ነበር፤ ስደቱም ገና አዲስ ነበር። ስደት የመጀመሪያውን ዓመት በእልህ ያስጫውታል። ሦስተኛው ዓመት ላይ እልህ ይደክማል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ባዶ ወንበር ወዳለበት ሜዳ ይኮናል። ከሊሎንግዌ ወዲህ ያለው ቁልቁለት በውጤቱ ላይ በግልጽ ይነበባል።

እኔ የምኖረው ኡራኤል ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ተነስቶ በባምቢስ በኩል ወርዶ፣ እስጢፋኖስን በቀኝ ትቶ መስቀል አደባባይን የተሻገረ ሰው ስታዲየሙ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ታክሲም አያስፈልግም። የዚህ ሰፈር ሰው ጨዋታ ባለ ቀን ሰዓቱን የሚያውቀው ከመንገዱ ነበር። ከካዛንቺስ የሚወርደው ወጣት ባንዲራ ለብሶ፣ ቩቩዜላውን ይዞ ያልፋል። የትኛው ጋ እንደሚቀመጥም ከአነጋገሩ ታውቃለህ፦ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ። ኪሱ የሞላው ጥላ ፎቅ።

ይህ ሜዳ የኮንክሪት ክምር ብቻ አይደለም። ጥር 1954 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳነው እዚያ ነው፤ ከግብጽ ጋር 2 ለ 2 ቆመን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀብሎ። ቡድኑን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ፣ በኋላም ከ1964 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ካፍን በፕሬዚዳንትነት የመሩት እኚያው ሰው ናቸው። ካፍን በ1949 ከግብጽ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆና የመሠረተች አገር ዛሬ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ አጥታ ስትንከራተት ማየት ለእኔ ቢጤው አንገት ያስደፋል።

ሽማግሌዎች ሁልጊዜ 1954ን ያነሳሉ ብላችሁ እንዳታልፉኝ ወደ ቅርቡ ልምጣ። ጥቅምት 4 ቀን 2005። ሱዳን ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 አሸንፋን መጥታ ነበር። በመልሱ አዲስ አበባ ላይ ከዕረፍት መልስ አዳነ ግርማ አገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ሳላዲን ሰዒድ ደገመ። 2 ለ 0። ከሜዳ ውጭ ባገባናቸው ሦስት ግቦች ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። በዚያው ዓመት ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካ እዚያው ሜዳ መጣች። በርናርድ ፓርከር መጀመሪያ በእኛ ላይ አገባ፤ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገን፤ ከዚያ ያው ፓርከር በራሱ መረብ ላይ ኳሷን ጨመራት። 2 ለ 1 አሸነፍን። ያችን ሁለተኛ ግብ ማን አገባት ብትሉኝ መዝገቡ ፓርከር ይላል፤ እኔ ግማሹን ለካታንጋ እሰጣለሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳንባው የተቃጠለ ተጫዋች፣ ጆሮው በጩኸት ተደፍኖ፣ እግሩ ያሰበውን አያደርግም። ይህን ብልጫ ተፈጥሮና ሕዝብ በነጻ ሰጥተውን ነበር። አሁን ዳሬሰላም ሄደን በባሕር ጠረፍ ሙቀት ለኮንጎ አስረክበነዋል።

ባሕር ዳር ላይ የመጨረሻውን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ያስተናገድነው መስከረም 29 ቀን 2014 ነው፤ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፍን። ከአንድ ወር በኋላ ጋናን ለመግጠም ጆሃንስበርግ ተሰደድን። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጉዞ ከላይ ቆጥሬዋለሁ። አዲስ አበባ ስታዲየም ለዕድሳት ተዘግቶ ዓመታት አልፈዋል። አደይ አበባ ብሔራዊ ስታዲየም ግንባታው በ2008 ሲጀመር ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንደሚይዝ ተነግሮን ነበር፤ የዚያን ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ በታዳጊ ቡድን ይጫወታል።

ገንዘብ የለም ትሉኝ ይሆናል። እኔ ያለሁበትን ሰፈር ግን ኑና እዩት። ከመስቀል ወዲህ ካዛንቺስ በሳምንታት ውስጥ መልኳ ተለውጧል፤ ብዙ ቤት ፈርሷል፣ ጎረቤቶቻችን ወደ ከተማዋ ዳር ሄደዋል፣ ቀንና ሌሊት ማሽን ይጮኻል። በዚህ ጉዳይ ላይ የራሴ ብዙ ሐሳብ አለኝ፤ ለሌላ ደብዳቤ ይቆይ። አንድ ነገር ግን በዓይኔ አይቻለሁ፦ መንግሥት አንድን ሥራ በቁርጥ ሲፈልገው ሌሊት እንኳን አያቆመውም። ስለዚህ የስታዲየሙ መዘግየት የአቅም ማነስ ነው ቢሉኝ አላምንም። የሚፈልገው አላገኘም እንጂ።

ጥቅምት 12 ቀን የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ በከተማችን ተካሂዷል፤ የፊፋና የካፍ ፕሬዚዳንቶች ተገኝተዋል፤ እ.ኤ.አ. የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ ለማዘጋጀት ጥያቄያችን በይፋ ቀርቧል። ጥያቄውን እደግፋለሁ። በ1954፣ በ1960፣ በ1968 ያዘጋጀች አገር አራተኛውን መጠየቋ ያንስባታል እንጂ አይበዛባትም። ግን ቀኑን ተመልከቱልኝ። ጉባኤተኞቹ አዲስ አበባ የገቡት የእኛ ቡድን አቢጃን ላይ «ባለሜዳ» ሆኖ በጊኒ 3 ለ 0 በተሸነፈ በሳምንቱ ነው። 24 ቡድኖችን ላስተናግድ የሚል አገር አንዱን ቡድኑን ማስተናገድ ሲያቅተው እንግዶቹ በጨዋነት ዝም ይላሉ፤ እኛ ግን ዝም የማለት ግዴታ የለብንም።

ስደቱ ደግሞ የብሔራዊ ቡድኑ ብቻ አይደለም። ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ ከ2013 ወዲህ እንደ ተጓዥ ካራቫን ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ። ለቴሌቪዥን ሥርጭቱ እንዲመች እንደሆነ ይገባኛል፤ ከሥርጭቱ የተገኘውም ገቢ ለክለቦች ትንሽ አይደለም። የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ግን የሸገር ደርቢን ለማየት ሸገርን ለቆ ይሄዳል፤ አቅም ያጣው ስክሪን ፊት ይቀመጣል። እንዲህ ያደገ ተጫዋች ለብሔራዊ ቡድን ሲመረጥ በሙሉ ስታዲየም ፊት መጫወት ምን እንደሆነ ከማን ይማር?

በነገራችን ላይ፣ ሊጉን ከሜዳ እጦት ያዳኑት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። አዳማ ሲባል የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው፤ ጅማም ተራ በደረሳት ጊዜ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ነው። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ ብዙዎቹ ሣር አላቸው፣ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል አላቸው፣ ኳስ የሚወድ ሺህ ወጣት አላቸው። ሜዳቸውን ለክለብ ከማከራየት አልፈው ለብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ማቀበል የሚችሉበት መንገድ ግን አልተከፈተም። ይህንን ለፌዴሬሽኑ ቴክኒክ ክፍል እንደ ማስታወሻ ትቼ ልለፍ።

ስለ አሠልጣኞች አንድ ቃል። ከካሜሩን ወዲህ ውበቱ አባተ ሄዱ፤ ገብረመድህን ኃይሌ መጡ። ገብረመድህን በ2010 ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2011 መቐለ 70 እንደርታን በተከታታይ ዓመታት ሻምፒዮን ያደረጉ ሰው ናቸው፤ ሁለት የተለያየ ክለብ፣ ሁለት ዋንጫ። እንዲህ ያለ ሰው ብሔራዊ ቡድን ላይ ሲደርስ ድንገት ሙያውን ረሳ ማለት ነው? አሠልጣኝ መቀየር ርካሽ ነው፤ አንድ መግለጫና አንድ ፊርማ ይበቃዋል። ስታዲየም መጨረስ ግን ይከብዳል። የከበደውን ትታችሁ የቀለለውን ስትደጋግሙ ግን ውጤቱ ያው ይሆናል፤ 4 ነጥብ፣ እንደገና 4 ነጥብ።

ቢሮ ውስጥ የሚጠፋ ነጥብ ሜዳ ላይ ከሚጠፋው እኩል እንደሚያም ከዚህ በፊት አይተናል። በ2005 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን ሜዳ ላይ ካሸነፍን በኋላ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች መሰለፉ ተረጋግጦ ፊፋ ሦስት ነጥብ ነጠቀን። ስህተቱ የወረቀት ነበር፤ ኃላፊዎቹም አምነው ይቅርታ ጠይቀዋል። ያኔ ይቅርታው ተሰጣቸው፤ ቡድኑም እንደምንም ተንጠልጥሎ ከናይጄሪያ ጋር እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ደረሰ። የዛሬው የሜዳ ጉዳይም በመሠረቱ የቢሮ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ይቅርታ የጠየቀ አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ካፍ ስታዲየሞቻችንን መርምሮ የላከውን ዝርዝር ለሕዝብ አውጡልን። የመልበሻ ክፍሉ ነው? ወንበሩ ነው? መብራቱ? ሣሩ? የሕክምና ክፍሉ? የትኛው ተሟላ፣ የትኛው ቀረ፣ ማን ይሠራዋል፣ መቼ? ለአዲስ አበባ ስታዲየምም ለአደይ አበባም የተፈረመበት ቀን ይኑረው፤ ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ ማን እንደሚጠየቅ ስሙ ይታወቅ። የአበበ ቢቂላ ስታዲየምንም አትርሱት። ሉሲዎቹ በጥቅምት 2016 ናይጄሪያን እዚያ አስተናግደው 1 ለ 1 ተለያይተዋል፤ ለሴቶች የበቃው ሜዳ ለወንዶቹ ማጣሪያ ምን እንደጎደለው ሕዝቡ የማወቅ መብት አለው።

ሁለተኛ፣ በነዚህ ሦስት ዓመታት ከማላዊ እስከ ሞሮኮ፣ ከታንዛኒያ እስከ ኮንጎ ለስታዲየም ኪራይ፣ ለሆቴልና ለአውሮፕላን በውጭ ምንዛሪ የወጣው ገንዘብ ስንት ነው? በር ላይ ሳይሰበሰብ የቀረውስ? ሁለቱን ደምራችሁ ንገሩን። ያ ድምር ስንት የመልበሻ ክፍል ያድስ እንደነበር እኛ እናሰላዋለን፤ በዚህ ሰፈር ሒሳብ የሚችል አይጠፋም።

ሦስተኛ፣ የዚህን ማጣሪያ ቴክኒካዊ ሪፖርት አውጡ። ባለሜዳ ተብለን በተጫወትናቸው ጨዋታዎች አንድም ግብ ያላገባነው ለምንድን ነው? አሠልጣኞቹና ተጫዋቾቹ በዝግ ስብሰባ የነገሯችሁን እኛም እንስማው። ጥፋቱ የእነሱ ከሆነ ይታወቅ፤ የእናንተ ከሆነም ይታወቅ።

በመጋቢት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ይቀጥላል፤ ባለተራ ተጋጣሚያችን ግብጽ ናት፤ ባለሜዳዎቹም በወረቀት ደረጃ እኛ ነን። አዲስ አበባ እስከዚያ እንደማይደርስ ልጅም ያውቀዋል፤ ተአምር አልጠይቃችሁም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የባለሜዳ ጨዋታ ግን የት እንደሚሆን፣ ከተማውንና ቀኑን ጽፋችሁ፣ ማኅተም አድርጋችሁ ከአሁኑ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኡራኤል ነዋሪና የዋልያዎቹ ደጋፊ